ሕዋስን የሚያቆመው ፕሮቲን

የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ በቀላሉ ሊሠራው የሚችል አንድ ስሌት አለ። በአካል ላይ ያረፈ የጨረራ መጠን የሚለካው ግሬይ በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎግራም የሚመዝን አካል ከጨረራው አንድ ጁል ኢነርጂ ተቀበለ ማለት ነው። በመላ ሰውነቱ ላይ በአንድ ጊዜ አራት ግሬይ ኤክስሬይ ወይም ጋማ ጨረር ያረፈበት ሰው፣ ሕክምና ካላገኘ፣ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው። ሰውየው 70 ኪሎግራም ይመዝናል ብንል የተቀበለው ኢነርጂ በጠቅላላው 280 ጁል ይሆናል። ይህ ምን ያህል ነው? ያው ሰው ሁለት የደረጃ እርከኖችን፣ ማለትም 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ፣ ለመውጣት የሚሠራውን ሥራ ያህል ነው። በሙቀት መልክ ካሰብነውም የሰውነቱን ሙቀት የሚጨምረው በአንድ ሺህኛ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጉንጭ ትኩስ ቡና ከዚህ የበለጠ ሙቀት ወደ ሰውነታችን ያስገባል።

ታዲያ ቡናም ሆነ ደረጃ የማይጎዳውን ሰው ይህች ኢነርጂ እንዴት ለሞት ታበቃዋለች? መልሱ ኢነርጂው በአካሉ ላይ እንደ ሙቀት በእኩልነት የማይሰራጭ መሆኑ ነው። ኤክስሬይ ኢነርጂውን የሚያራግፈው በጥቃቅን ቦታዎች ላይ በጠቅላላው ነው፤ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ዲ.ኤን.ኤ ላይ ከዋለ ጥቂት ኬሚካዊ ትስስሮችን ለመበጠስ ከበቂ በላይ ይሆናል። ሕዋሱ ከአብዛኞቹ ሞለኪውሎቹ በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ስላሉት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። ከዲ.ኤን.ኤው ግን ያሉት ሁለት ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የተወረሰ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከጉዳቱ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ነው። ዲ.ኤን.ኤው የተጎዳበት ሕዋስ መከፋፈሉን ይቀጥላል ወይስ ያቆማል? የሚያቆመው ከሆነስ ማን ነው የሚያቆመው? ጉዳዩ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል እንጂ የፊዚክስ አይደለም የሚሉን አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል። ትንሽ ይታገሡን፤ መጨረሻው ላይ የምንደርሰው በአንደኛ ዓመት የሜካኒክስ ኮርስ ወደምናውቀው ርግብግቢት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናሳስባለን።

የሁለት ሰዓቶች እሽቅድምድም

በአንድ የሰው ሕዋስ ኑክለስ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። (ኑክለስ ስንል የሕዋሱን እንጂ የአቶሙን ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱ ሞክሼዎች ተማሪዎችን ሲያደናግሩ ስለምናይ ነው።) ይህ ሁሉ ርዝመት ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንድ ግሬይ ኤክስሬይ በዚህ ጥቅል ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ነጠላ ብጣሾችን፣ 40 ያህል ደግሞ ድርብ ብጣሾችን ይፈጥራል። ዲ.ኤን.ኤ ሁለት ክሮች ተጠማዝዘው የሠሩት መሰላል በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲበጠስ ሌላኛው እንደ ዋቢ ሆኖ ያገለግላል፤ የጥገና ኢንዛይሞችም ከእርሱ እያነበቡ ክፍተቱን በቶሎ ይሞሉታል። ሁለቱም ክሮች በአንድ ቦታ ላይ ሲበጠሱ ግን ዋቢው ራሱ ጠፍቷል። አስቸጋሪው ጉዳት ይህ ነው።

ጨረራ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ሕዋሱ ከጉዳት አያመልጥም። በሰውነታችን ሙቀት፣ በውኃ ውስጥ፣ ዲ.ኤን.ኤ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል፤ ከአንድ ሕዋስ በየቀኑ አሥር ሺህ ያህል ቤዞች ከክሩ ላይ ይረግፋሉ። ይህንን ያሳዩትና በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የተካፈሉት ቶማስ ሊንዳል ናቸው። እኛ በሕይወት ያለነው የጥገና ኢንዛይሞች ሌት ተቀን ስለሚሠሩ ነው።

ጥገና ግን ጊዜ ይፈጃል። አንዳንዱ ብጣሽ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በብዙ ሰዓታት ይጠገናል። በሌላ በኩል ሕዋሱ የራሱ የክፍፍል መርሐ ግብር አለው፤ በቤተ ሙከራ የሚራባ የሰው ሕዋስ በ24 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ያጠናቅቃል። ጥገናው ሳይጠናቀቅ ሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤውን መገልበጥ ከጀመረ ስሕተቱ አብሮ ይገለበጣል፤ ክሮሞሶሞቹን ለሁለት መጎተት ከጀመረ ደግሞ የተበጠሰው ቁራጭ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በሕዋሱ ውስጥ ሁለት ሰዓቶች ይሽቀዳደማሉ ማለት ነው፤ የጥገናው ሰዓትና የክፍፍሉ ሰዓት። በአጠገባችን ያለው የሕዋስ ሕይወት በአብዛኛው የተመሠረተው የመጀመሪያው ሁለተኛውን በመቅደሙ ላይ ነው።

ይህ አባባል ግምት ብቻ እንዳይመስል በ1988 የታተመን አንድ ሙከራ እንጥቀስ፤ በእኛ አመለካከት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ እጅግ የሚያምረው ይኸው ነው። ቴድ ዋይነርት እና ሊላንድ ሃርትዌል የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሠሩት በተራ የዳቦ እርሾ ነበር። ጤናማ የእርሾ ሕዋስ በኤክስሬይ ሲመታ ክፍፍሉን ለሰዓታት ገትቶ ይቆይና ጥገናው ሲያልቅ ይቀጥላል። ራድ-9 የተባለው ጂን የጎደለው እርሾ ግን አይቆምም፤ የተበጠሰ ክሮሞሶም እንደተሸከመ ይከፋፈላል፣ ጥቂት ጊዜ ተከፋፍሎም ይሞታል። ከዚህ በመነሣት ራድ-9 የጥገና መሣሪያ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ግን ወደዚያ አልተቻኮሉም። ራድ-9 የሌለውን እርሾ በጨረራ ከመቱ በኋላ፣ ዲ.ኤን.ኤውን ሳይነካ ክፍፍልን ብቻ የሚገታ ኬሚካል ጨመሩበት። ለጥቂት ሰዓታት አቆይተው ኬሚካሉን አጠቡት። ሊሞቱ የነበሩት ሕዋሳት አብዛኞቹ ዳኑ።

እርሾው የመጠገኛ መሣሪያ አልጎደለውም ነበር። የጎደለው ጊዜ ነበር።

ሃርትዌል እና ዋይነርት ለዚህ የማስቆሚያ ሥርዓት የሰጡት ስም በአማርኛ ኬላ ልንለው የሚገባ ነው። ዕቃ የጫነ መኪና በኬላ ላይ ተፈትሾ እንደሚያልፍ ሁሉ ሕዋሱም ከአንዱ የክፍፍል ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ይፈተሻል። ሃርትዌል በሕዋስ ክፍፍል ላይ ላደረጓቸው ጥናቶች ከቲም ሃንት እና ከፖል ነርስ ጋር የ2001 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል።

ስሙ የመለኪያ ስሕተት የሆነ ፕሮቲን

በሰው ሕዋስ ውስጥ የኬላው ዋና ተቆጣጣሪ ፒ-53 የተባለ ፕሮቲን ነው። እርሾ ይህ ፕሮቲን የለውም። ፒ-53 የታወቀው በ1979 ሲሆን፣ በለንደን ዴቪድ ሌን እና ሊዮኔል ክሮፎርድ፣ በፕሪንስተን ዳንኤል ሊንዘር እና አርኖልድ ሌቪን፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት ሌሎች ቡድኖች ለየብቻቸው ደረሱበት። የለንደኑና የፕሪንስተኑ ቡድኖች ያገኙት ኤስ.ቪ-40 የተባለ የጦጣ ቫይረስ ወደ ካንሰርነት በለወጣቸው ሕዋሳት ውስጥ፣ ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነበር።

ስሙ የመጣው ከክብደቱ ነው፤ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ መስክ እየተጎተተ ሲለካ 53 ሺህ ዳልተን የሚመዝን መስሎ ታየ። ኋላ ግን 393ቱ አሚኖ አሲዶቹ ሲደመሩ ትክክለኛው ክብደት 43,700 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ፕሮቲኑ ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛበት ክፍል ስላለው በጄሉ ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ዘግይቶ ይጓዛል፤ መለኪያውም ያንን መዘግየት በክብደት ተረጎመው። ፊዚክስ የሚማሩ አንባቢያን ልብ ሊሉት ይገባል፤ መሣሪያው የለካው ፍጥነት ነበር፣ ክብደቱን የሰጠው የእኛ ግምት ነበር።

የከፋው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ፒ-53 ለአሥር ዓመታት ያህል ካንሰር አምጪ ተደርጎ ተቆጠረ። በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ጂኑ ወደ ጤናማ ሕዋስ ሲገባም ሕዋሱን ወደ ካንሰር የሚገፋ መሰለ። በ1989 ነገሩ ተገለበጠ። በጆንስ ሆፕኪንስ የበርት ቮግልስታይን ቡድን በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ የፒ-53 ጂን አንዱ ቅጂ ጠፍቶ፣ ሌላው ተበላሽቶ እንደሚገኝ አሳየ። የሌቪን ቡድን ደግሞ ጤናማው ጂን የሕዋሳትን ወደ ካንሰር መለወጥ እንደሚከላከል አረጋገጠ። ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት ሲቀባበሏቸው የነበሩት የጂኑ ቅጂዎች ለካ ራሳቸው የተበላሹ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፒ-53 የተመደበው ዕጢ ገቺ ከሚባሉት ፕሮቲኖች ተርታ ነው።

በ1991 የማይክል ካስታን ቡድን ፒ-53ን ከጨረራ ጋር አገናኘው፤ በጋማ ጨረር የተመቱ ሕዋሳት ዲ.ኤን.ኤ ከመገልበጣቸው በፊት የሚቆሙት ጤናማ ፒ-53 ካላቸው ነው። በ1993 ሳይንስ የተባለው መጽሔት የዓመቱ ሞለኪውል ብሎ መረጠው።

ቀዳዳ በርሜል

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ባልተጎዳ ሕዋስ ውስጥ ፒ-53 ያለማቋረጥ ይመረታል፣ ያለማቋረጥም ይጠፋል። ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ግማሽ ዕድሜ የሚለው ቃል ለራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እዚህም የሚሠራው ሒሳብ ያው ነው። የሚያጠፋው ኤም.ዲ.ኤም-2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሲሆን፣ ፒ-53ን እየያዘ የመወገጃ ምልክት ይለጥፍበትና ለሕዋሱ የፕሮቲን መፍጫ ያስረክበዋል።

ያለማቋረጥ አምርቶ ያለማቋረጥ መጣል ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ከታች ቀዳዳ ያለው፣ ከላይ የተከፈተ ቧንቧ የሚወርድበት በርሜል እናስብ። የሚገባውና የሚወጣው ስለሚመጣጠኑ ውኃው ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው። ቀዳዳው በድንገት ሲደፈን ግን ቧንቧውን መንካት ሳያስፈልግ በርሜሉ ወዲያው መሙላት ይጀምራል። ሕዋሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፒ-53ን ለማብዛት አዲስ የምርት ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ ጥፋቱን መግታት ብቻ ይበቃዋል።

ቀዳዳውን የሚደፍነው ኤ.ቲ.ኤም የተባለ ኢንዛይም ነው። (በከተማችን ገንዘብ ከሚተፋው ማሽን ጋር የሚያገናኘው ፊደሉ ብቻ ነው።) ስሙን ያገኘው አታክሲያ ቴላንጂየክታሲያ ከተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች በጨረራ እጅግ ይጎዳሉ። ጂኑ የታወቀው በ1995 ነው። ኤ.ቲ.ኤም ድርብ ብጣሽ ሲያጋጥም ይነቃና በፒ-53 እና በኤም.ዲ.ኤም-2 ላይ የፎስፌት ቡድኖችን ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈበትን ፒ-53 ኤም.ዲ.ኤም-2 እንደ ቀድሞው አጥብቆ ሊይዘው አይችልም።

የበዛው ፒ-53 ብጣሹን ሄዶ አይጠግንም። አራት አራት እየሆነ ይቀናጅና በዲ.ኤን.ኤ ላይ ተለይተው በታወቁ ቦታዎች እየተቀመጠ ሌሎች ጂኖችን ያስነሣል። ከእነዚህ አንዱ ፒ-21 ነው። ፒ-21 የክፍፍሉን ሞተሮች፣ ማለትም ሕዋሱን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚገፉትን ኢንዛይሞች፣ ላያቸው ላይ ተቀምጦ ያቆማቸዋል። ሞተሮቹ ሲቆሙ አር.ቢ የተባለው ሌላው ዕጢ ገቺ ፕሮቲን ለዲ.ኤን.ኤ ግልበጣ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ቆልፎ ይይዛል። አር.ቢ ከዕጢ ገቺዎች ሁሉ ቀድሞ የታወቀው ሲሆን፣ የተገኘውም በሕፃናት የዓይን ካንሰር ጥናት ነው። ሕዋሱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዋይነርት እና ሃርትዌል በኬሚካል የሰጡትን ጊዜ የሰው ሕዋስ ለራሱ ሰጠ ማለት ነው።

ጥገናው ካልተሳካስ? ያን ጊዜ ፒ-53 የሚያስነሣቸው ሌሎች ጂኖች አሉ። የእነርሱ ፕሮቲኖች የሕዋሱን የኢነርጂ ማመንጫዎች፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ይበሳሉ፤ ከዚያ የሚያፈተልከው ንጥረ ነገር ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፤ ሕዋሱም በሰዓታት ውስጥ በሥርዓት ተበታትኖ በጎረቤቶቹ ይዋጣል። ይህ ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሕዋሱ ሳይሞት፣ ዳግመኛም ሳይከፋፈል፣ ያረጃል።

ሞቱ ለሰውነት ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ ነው ብለን እንዳንሳሳት አንድ ነገር እናክል። በ1993 ሁለት ቡድኖች ፒ-53 የሌላቸውን አይጦች የታይመስ ዕጢ ሕዋሳት በጨረራ መቱ። ሕዋሳቱ አልሞቱም። ጤናማዎቹ ግን በዚያው መጠን ረገፉ። ስለዚህ በጨረራ አደጋ ጊዜ የደምና የመከላከያ ሕዋሳት በብዛት የሚያልቁት ጨረራው ስለፈጃቸው ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ ራሳቸው በፒ-53 ትእዛዝ ይሞታሉ። በመግቢያችን ላይ 280 ጁል ሰውን እንዴት ይገድላል ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ እዚህ አለ።

ኬላው ሲፈርስ

በሰው ልጅ ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ የፒ-53 ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ይህን ያህል የተጋለጠበት አንዱ ምክንያት አራት ሆኖ መሥራቱ ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ብቻ ተበላሸ እንበል። ከሚመረተው ፕሮቲን ግማሹ ጤናማ፣ ግማሹ ብልሹ ይሆናል። አራቱ በዘፈቀደ የሚገናኙ ከሆነ አራቱም ጤናማ የመሆናቸው ዕድል ግማሽ በአራት ጊዜ ተባዝቶ 1/16፣ ማለትም ስድስት በመቶ ገደማ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ትክክለኛ አቀናጅ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ አንድ ብልሹ ጓደኛ ሦስት ጤነኞችን ሊያሰናክል የሚችልበትን መንገድ ስሌቱ ያሳያል።

የጉዳቱ ምልክት አንዳንድ ጊዜ አድራጊውን ያጋልጣል። በለውዝ፣ በበቆሎና በደንብ ባልደረቀ በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። በ1991 በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ በጉበት ካንሰር ከተያዙ ሰዎች የተወሰዱ ዕጢዎች ሲመረመሩ፣ በፒ-53 ጂን 249ኛው ቃል ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ተደጋግሞ ተገኘ፤ ጂ የነበረው ፊደል ወደ ቲ ተለውጧል። አፍላቶክሲን በቤተ ሙከራ የሚያደርሰው ጉዳትም ይኸው ነው። እህል በእርጥብ ቦታ ማከማቸት ከሞለኪውል ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል ሰው መልሱ በዚህች አንዲት ፊደል ላይ ተጽፏል።

የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ሌላ ዘዴ ይጠቀማል። እዚህ የፒ-53 ጂን አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው። በሽታውን የሚያመጣው የፓፒሎማ ቫይረስ ኢ-6 የተባለ ፕሮቲን ያመርትና ፒ-53ን ለሕዋሱ መፍጫ ያስረክባል፤ በርሜሉ ሁለተኛ ቀዳዳ ይበጅለታል ማለት ነው። ይህ የታወቀው በ1990 ነው። በአገራችን ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

አንዳንድ ሰዎች አንዱ የፒ-53 ቅጂ ተበላሽቶ ይወለዳሉ። ፍሬድሪክ ሊ እና ጆሴፍ ፍራውሜኒ በ1969 በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ የተለያዩ ካንሰሮች የሚደጋገሙባቸውን ቤተሰቦች ገልጸው ነበር፤ ምክንያቱ ይህ ጂን መሆኑ የተደረሰበት በ1990 ነው። ሁለቱም ቅጂዎች የሌሏቸው አይጦች ደግሞ በ1992 ተፈጠሩ። አብዛኞቹ ጤናማ መስለው ተወለዱ፣ አደጉ። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ግን አብዛኞቹ ዕጢ አወጡ። ፒ-53 ለመወለድም ለማደግም የግድ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ጉዳት ሲደርስ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ዝሆን ነው። ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሕዋሳት ተሸክሞ፣ ለአሥርተ ዓመታት ኖሮ፣ በካንሰር የሚሞተው ግን ከእኛ ባነሰ መጠን ነው። በ2015 ይፋ እንደሆነው በዝሆን ውስጥ ያለው የፒ-53 ጂን 20 ቦታ ላይ ተደጋግሞ ይገኛል፤ በእኛ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የዝሆን የደም ሕዋስ በጨረራ ሲመታ ከሰው ሕዋስ ይልቅ ፈጥኖ ወደ አፖፕቶሲስ ይሄዳል።

ምጣዱና ምቱ

እስካሁን የተውነው ጥያቄ አለ። ያው ፒ-53 አንዱን ሕዋስ አቁሞ ሲያድን፣ ሌላውን ሲገድል፣ ሦስተኛውን ሲያስረጅ በምን ይለያቸዋል? ቀላሉ ግምት መጠኑ ይወስናል የሚል ነበር፤ ትንሽ ጉዳት ትንሽ ፒ-53፣ ብዙ ጉዳት ብዙ ፒ-53። በርካታ ሚሊዮን ሕዋሳትን በአንድ ላይ ፈጭቶ የሚለካው የተለመደው ዘዴም ይህን የሚደግፍ ውጤት ይሰጥ ነበር።

በ2004 በቫይዝማን ተቋም ጋሊት ላሃቭ፣ ዩሪ አሎን እና ባልደረቦቻቸው ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በፒ-53 እና በኤም.ዲ.ኤም-2 ላይ የሚያበሩ ፕሮቲኖችን አያይዘው፣ ሕዋሳቱን በጋማ ጨረር መትተው፣ በማይክሮስኮፕ ለሰዓታት ፊልም አነሡ። የታየው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ፒ-53 በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እንደገና ከፍ ይላል። እንደ ልብ ትርታ ይመታል። የጨረራው መጠን ሲጨመር የአንዱ ምት ከፍታም ሆነ ርዝመት በአማካይ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ የሚመቱት ሕዋሳት ድርሻ ነው። ሕዋሳቱ አብረው ስለማይመቱ፣ ሚሊዮኖቹ ሲደመሩ ምቱ ይጠፋና ለስላሳ ከፍታ ብቻ ይቀራል። ያልተስማማ ጭብጨባ ከሩቅ አንድ ወጥ ጫጫታ ሆኖ እንደሚሰማ ዓይነት ነው። ስለዚህ አማካይ ስትወስዱ ምን እየጣላችሁ እንደሆነ ማሰብ አለባችሁ እያልን ተማሪዎቻችንን የምንወተውተው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምቱ ከየት መጣ? ፒ-53 ከሚያስነሣቸው ጂኖች አንዱ የራሱ አጥፊ፣ የኤም.ዲ.ኤም-2 ጂን ነው። ፒ-53 ሲበዛ ኤም.ዲ.ኤም-2 ይበዛል፤ እርሱ ሲበዛ ፒ-53 ያንሳል። ይህ አሉታዊ ግብረ-መልስ ነው። ወሳኙ ነገር መዘግየቱ ነው፤ ጂኑ ተነብቦ፣ ተገልብጦ፣ ፕሮቲን ሆኖ እስኪወጣ ጊዜ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምጣዱ ቀዘቀዘ ብለን ኃይሉን እንጨምራለን፤ ሸክላው ወዲያው ስለማይሞቅ ደግመን እንጨምራለን፤ በመጨረሻ ከሚገባው በላይ ይግላል፣ እንጀራውም ያርራል። ያን ጊዜ እንቀንሳለን፤ አሁንም ሸክላው ወዲያው ስለማይበርድ አብዝተን እንቀንሳለን። መዘግየት ያለበት አሉታዊ ግብረ-መልስ ወደ ርግብግቢት ያዘነብላል። በምጣድም፣ በኤሌክትሮኒክስም፣ በሕዋስም ውስጥ የሚጻፈው ቀመር ተመሳሳይ ነው።

እኛ ይህን ምት እንደ ተደጋጋሚ ጥያቄ ብንመለከተው ይቀለናል። ብጣሹ ገና ካለ ኤ.ቲ.ኤም ሌላ ምት ያስነሣል፤ ከተጠገነ ምቱ ይቆማል፣ ሕዋሱም ወደ ክፍፍሉ ይመለሳል። በ2012 ጄረሚ ፐርቪስ ከላሃቭ ጋር በመሆን፣ ይህ የምት ቅርጽ በእርግጥ ዕጣ ፈንታን የሚወስን መሆኑን ፈተኑ። ኤም.ዲ.ኤም-2ን የሚያግድ መድኃኒት በተወሰኑ ሰዓታት እየጨመሩ፣ ዝቅ ሊል የነበረው ፒ-53 ከፍ ብሎ እንዲቀር አደረጉ። እንደ ወትሮው የሚመቱት ሕዋሳት በአብዛኛው አገግመው ወደ ክፍፍል ተመለሱ። ፒ-53 ያለማቋረጥ ከፍ ያለባቸው ግን የእርጅና ጂኖችን አስነሥተው በዚያው ቆሙ። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የተለየው በጊዜ ውስጥ ያለው ቅርጽ ነው።

ይህ ነገር የጨረራ ሕክምና ለሚሰጡ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ለበርካታ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረራ ሕክምና ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሠራበት የነበረው ኮባልት-60፣ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸውን የጋማ ጨረሮች ያመነጫል። በዓለም ዙሪያ በተለመደው አሠራር ለአንድ ታካሚ በቀን ሁለት ግሬይ ያህል፣ ለሳምንታት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ክፍፍሉ የተመሠረተው ጤናማው አካል በሁለት ቀናት መካከል ባሉት ሰዓታት ውስጥ ከዕጢው የተሻለ ይጠግናል በሚል ነው፤ ልምዱ የተጀመረውም ፒ-53 ከመታወቁ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት ነው።

የላሃቭ ቡድን በ2021 ባሳተመው ጥናት በጨረራ የተመቱ አይጦችን የተለያዩ የአካል ክፍሎች አነጻጽሯል። በጨረራ በቀላሉ በሚጎዱት በታይመስና በጣፊያ ውስጥ ፒ-53 ከፍ ብሎ ይቆያል፤ በአንጀት ውስጥ ግን ከፍ ካለ በኋላ በቶሎ ይወርዳል። ቡድኑ ከጨረራው ጋር ኤም.ዲ.ኤም-2ን የሚያግድ መድኃኒት በመስጠት ፒ-53 በዕጢ ውስጥ እንዳይወርድ ሲያደርግ፣ ዕጢው በዚያው የጨረራ መጠን ከቀድሞው ይበልጥ ተጎዳ። እንዲህ ያሉ አጋጆች በሰው ላይ በተሞከሩባቸው ጥናቶች የደም ሕዋሳትም አብረው ተጎድተዋል፤ ተመራማሪዎቹ አሁን ከመድኃኒቱ መጠን ባልተናነሰ የሚከራከሩት ከጨረራው በኋላ በስንተኛው ሰዓት ይሰጥ በሚለው ላይ ነው።